ሐዋሳ–አርባ ምንጭ፤ በቀጥታ 147 ኪሎ ሜትር፣ በቦሌ ዞሮ 564

ከሐዋሳ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ ነጋዴ ጉዞውን የሚጀምረው ፊቱን ከአርባ ምንጭ አዙሮ ነው። በተለመደው የመኪና መንገድ ከሄደ በመጀመሪያ ወደ ሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሻሸመኔ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ ታጥፎ አላባን ካለፈ በኋላ በሶዶ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል። በአውሮፕላን እሄዳለሁ ካለ ደግሞ የባሰ ነው። አዲስ አበባ ድረስ ወደ ሰሜን በርሮ፣ ቦሌ ላይ ወርዶ፣ ጠብቆ፣ ሌላ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ጠዋት የተነሳባትን ሐዋሳን በሩቁ በስተግራው ትቶ ወደ ደቡብ ይመለሳል።

በካርታ ላይ ግን ሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች ጎረቤታሞች ናቸው። ከሐዋሳ ማኮብኮቢያ እስከ አርባ ምንጭ ማኮብኮቢያ ያለው ቀጥተኛ የአየር ርቀት ወደ 147 ኪሎ ሜትር፣ በአብራሪዎች መለኪያ 79 ኖቲካል ማይል ያህል ነው። ከቦሌ ሐዋሳ ካለው 213 ኪሎ ሜትር የአየር ርቀት ጋር ሲነጻጸር እንኳ በ65 ኪሎ ሜትር ገደማ ያንሳል። በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል መስመር ቢሰመር የአባያን ሐይቅ ተሻግሮ በቀጥታ አርባ ምንጭ ላይ ይወርዳል። መኪናው ይህንኑ ርቀት ለመሸፈን 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞራል። በቦሌ በኩል የሚሄደው የአየር መንገደኛ ደግሞ 213ቱን ወደ ሰሜን፣ 351ዱን ወደ ደቡብ፣ በድምሩ 564 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራል። ከሚያስፈልገው በአራት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው።

ጉዳዩ የካርታ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ በገበያ ገጽ ላይ ባልሰፈረ ነበር። በሐዋሳና በአካባቢዋ ገንዘባቸውን ያፈሰሱ ባለሀብቶች፣ ከአርባ ምንጭ ሙዝና ማንጎ የሚያስጭኑ ነጋዴዎች፣ በሁለቱ ከተሞች ቅርንጫፍ የከፈቱ ባንኮችና ሆቴሎች በየሳምንቱ የሚከፍሉት የጊዜ ዋጋ እዚህ ቁጥር ውስጥ ይገኛል።

የ11 ደቂቃው በረራ

የከተሞችን የአየር ርቀትና የበረራ ሰዓት የሚያሳዩ ሠንጠረዦች አሠራራቸው ቀላል ነው። ርቀቱን ይወስዱና ለአንድ ትልቅ ጄት ፍጥነት፣ ማለትም በሰዓት ለ800 ኪሎ ሜትር ያህል ያካፍሉታል። በዚህ ስሌት ከሐዋሳ አርባ ምንጭ 11 ደቂቃ ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ ሐዋሳም 16 ደቂቃ። ይህን አምኖ ቀጠሮ የሚይዝ ነጋዴ ደንበኛውን ማስኮረፉ አይቀርም።

አውሮፕላን እንደ መኪና ከበር ተነስቶ በር ላይ አይቆምም። ከመቆሚያው ተነስቶ እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ ይንደረደራል፤ ተራ ይጠብቃል፤ ተነስቶ ከፍታ እስኪይዝ በሙሉ ፍጥነቱ አይሄድም፤ ሊያርፍ ሲል ደግሞ ገና ከሩቅ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ማኮብኮቢያው አቅጣጫ ይዞራል። እነዚህ ሁሉ ተደማምረው እንደ ማረፊያው መጨናነቅ ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ይወስዳሉ። ይህ ጊዜ ርቀቱ ቢያጥርም ቢረዝምም ብዙም አይለወጥም። ከአዲስ አበባ ዱባይ ለሚበር አውሮፕላን 20 ደቂቃ ኢምንት ናት፤ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ለሚበረው ግን የጉዞው እኩሌታ ናት።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ለአገር ውስጥ መስመሮቹ የሚጠቀምበት ባለ ሁለት ሞተርና ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 አውሮፕላን ከ70 በላይ መንገደኛ የሚይዝ ሲሆን ፍጥነቱ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በዚህ ፍጥነት የአዲስ አበባ–ሐዋሳ ርቀት በ20 ደቂቃ ያህል ይሸፈናል። በትኬቱ ላይ የሚጻፈው የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ልዩነት ግን ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ነው። ከሐዋሳ አርባ ምንጭም ቀጥታ በረራ ቢደረግ በአየር ላይ 15 ደቂቃ፣ ከቦታ ቦታ ደግሞ 35 ደቂቃ ያህል መሆኑ ነው። ነጋዴው መያዝ ያለበት ሁለተኛውን ቁጥር ነው።

በዚህ ላይ የመሬቱ ጉዞ ይታከላል። በ2008 ዓ.ም. መደበኛ በረራ የተጀመረበት የሐዋሳ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ወጣ ብሎ ከሐይቁ ሰሜን ምዕራብ ይገኛል። ከፒያሳ ወይም ከአሞራ ገደል አካባቢ የሚነሳ መንገደኛ ሐይቁን በሰሜን በኩል መዞር ስላለበት በቀጥታ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ርቀት በመኪና ይረዝማል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ቦሌ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ የሚታወቀው ከደረሱ በኋላ ነው። ፍተሻውና የመሳፈሪያ ጥበቃው ተጨምሮ ከቤት ወጥቶ ሐዋሳ ቢሮ እስከመግባት ያለው ጊዜ ከሦስት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ይጠጋል። በመኪና ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ያለው 275 ኪሎ ሜትር አራት ሰዓት ተኩል ወይም አምስት ሰዓት የሚፈጅ ነውና አውሮፕላኑ የሚያተርፈው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ፈጣኑ መንገድ ሲመጣ

ይህም ትርፍ ቢሆን ዕድሜ ልክ የሚቆይ አይመስልም። በ2006 ዓ.ም. ከተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ ሞጆ ላይ ተገንጥሎ ወደ ሐዋሳ የሚዘልቀው ፈጣን መንገድ በጠቅላላው 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከሞጆ በመቂ አድርጎ እስከ ባቱ ያለው 93 ኪሎ ሜትር ገደማ ለተሽከርካሪ ክፍት ሆኗል። የቀሩት ከባቱ አርሲ ነገሌና ከአርሲ ነገሌ ሐዋሳ ያሉት ክፍሎች ናቸው። እነዚህ ሙሉ በሙሉ ሲገናኙ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በሦስት ሰዓት መግባት ለማንም ደህና መኪና ላለው ሰው የሚቻል ይሆናል።

ያን ጊዜ ወደ ሐዋሳ የሚበረው ማን ነው? አንደኛው ከሐዋሳ ተነስቶ በቦሌ በኩል ወደ ጓንዡ፣ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ኢስታንቡል የሚሻገረው ነጋዴ ነው፤ ሻንጣውን ሐዋሳ ላይ አስረክቦ ባሕር ማዶ ስለሚቀበል ለእርሱ አጭሯ በረራ የረጅሙ ጉዞ አንድ ክፍል ናት። ሁለተኛው የውጭ ዜጋ የሆነ ገዢ ወይም የፋብሪካ ኃላፊ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከማረፊያው መከፈት ጋር መገጣጠሙ ያለ ምክንያት አልነበረም። ልብሱ በኮንቴይነር ተጭኖ በሞጆና በጅቡቲ ይሄዳል፤ ልብሱን የሚያዝዘው፣ ጥራቱን የሚመረምረውና ማሽኑን የሚጠግነው ሰው ግን በአየር ይመጣል። ይሁንና ኢትዮጵያ ከእ.ኤ.አ. ጥር 2022 ጀምሮ ከአሜሪካ የአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል በመታገዷ፣ የፓርኩ ዋነኛ የነበረው ፒቪኤችም በኅዳር 2014 ዓ.ም. መውጣቱን በማስታወቁ በዚህ መንገደኛ ላይ ብቻ ተማምኖ መቀመጥ እንደማያዋጣ ታይቷል።

ስለዚህ የሐዋሳ ማረፊያ ነገ የሚኖርበት እንጀራ የአዲስ አበባው መስመር ብቻ ሊሆን አይችልም። መኪና የማይፎካከረው፣ ፈጣን መንገድም ያልተዘረጋለት ወደ ጎን የሚሄደው መስመር ነው።

ቦሌ የሚያስከፍለው ማንን ነው?

የአገር ውስጥ የአየር መረባችን እንደ መንኰራኩር ነው፤ መሐሉ ቦሌ፣ ዘንጎቹ ክልሎች። ለአየር መንገዱ ይህ አሠራር ትርፉ ብዙ ነው። ከየአቅጣጫው የመጣውን መንገደኛ አንድ ቦታ ሰብስቦ ወደ ዓለም ያከፋፍላል፤ ጥገናውም፣ አብራሪውም፣ መለዋወጫውም በአንድ ግቢ ይገኛል። በዚህ ላይ ነቀፋ ማቅረብ አይቻልም፤ አየር መንገዱ በአህጉሩ ግንባር ቀደም የሆነው በዚሁ አሠራር ነው።

ከሐዋሳ ለሚነሳ ሰው ግን የቦሌ ዙር ዋጋው እንደ መድረሻው ይለያያል። ባሕር ዳር የሚሄደውን እንውሰድ። ቀጥታው 513 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በቦሌ በኩል ደግሞ 546 ገደማ። ልዩነቱ 33 ኪሎ ሜትር ብቻ በመሆኑ ቦሌ ለባሕር ዳር መንገደኛ ከመንገዱ አልወጣም ማለት ይቻላል። ድሬዳዋም ቢሆን 473 የነበረው 556 ይሆናል፤ ከ83 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ ጭማሪ ነው። የድሬዳዋ ነጋዴ የሚያማርርበት ነገር ካለ የቦሌው ጥበቃ እንጂ ርቀቱ አይደለም።

ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲዞር ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ከሐዋሳ ጅማ በቀጥታ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በቦሌ 475 ይደርሳል። አርባ ምንጭ ከሁሉም የከፋው ነው፤ 147 የነበረው 564።

ሰዓቱ ሲታሰብ የአርባ ምንጩ ነገር ይበልጥ ይገርማል። የአዲስ አበባው በረራ 45 ደቂቃ፣ የአርባ ምንጩ አንድ ሰዓት ያህል፣ በመካከሉ የቦሌ ጥበቃ፣ በሁለቱም ጫፍ የመሬት ጉዞ። ሁለቱ በረራዎች ደህና ከተገጣጠሙ ስድስት ሰዓት፣ ካልተገጣጠሙ የአዲስ አበባ ሆቴል አዳር ነው። በሶዶ በኩል በመኪና የሚሄደው ሰው በአምስት ወይም በስድስት ሰዓት አርባ ምንጭ ገብቶ ዓሣውን እየበላ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ማንም ጤነኛ ነጋዴ ይህን መስመር በአውሮፕላን አይሄድም።

ችግሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ መስመር አውሮፕላን ይመደብለት አይመደብለት ለማለት የሚታየው መዝገብ የትኬት ሽያጭ ነው። በሐዋሳና በአርባ ምንጭ መካከል ደግሞ ትኬት የሚቆርጥ የለም፤ ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ፍላጎት የለም። ፍላጎቱ ያለው በመዝገቡ ላይ ሳይሆን በሐዋሳ መናኸሪያ፣ ገና ሳይነጋ የሶዶን ረዳት ጥሪ በሚሰማው ሰው ዘንድ ነው። አንዳንዱም በመናኸሪያው አይታይም፤ የድርጅቱን ፒክአፕ ከነሾፌሩ ይዞ፣ የሁለት ቀን አበልና ነዳጅ አስቆጥሮ የሚሄድ ነው። የዚህ ሰው ወጪ በየድርጅቱ ሒሳብ ውስጥ ተበትኖ ስለሚቀመጥ ማንም ደምሮት አያውቅም።

ቢሮው ሄዷል፣ ንግዱ ቀርቷል

አንድ ነገር መካድ አይገባም። በሐዋሳና በአርባ ምንጭ መካከል የነበረው ጉዞ ከፊሉ የመንግሥት ሥራ ጉዞ ነበር። ሐዋሳ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን የጋሞም፣ የጎፋም፣ የደቡብ ኦሞም ባለጉዳይ ማኅተም ለማስመታት ወደ ሐዋሳ ይመጣ ነበር። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ ሲዳማ በሰኔ ወር ክልል ሆነ፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት መሥሪያ ቤቶቹ በሶዶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በዲላና በሌሎችም ከተሞች ተደለደሉ። የአርባ ምንጭ ባለጉዳይ ዛሬ ሐዋሳ የሚመጣበት የመንግሥት ጉዳይ ጥቂት ነው።

ይህን የሚያይ ሰው መስመሩ አልቆለታል ሊል ይችላል። ነገር ግን ማኅተም ፍለጋ የሚመጣው ሰው ድሮም ቢሆን በአውቶቡስ የሚሄድ እንጂ የአውሮፕላን ዋጋ የሚከፍል አልነበረም። የሚከፍለው ንግዱ ነው፤ እሱ ደግሞ ከክልል ወሰን ጋር አልተንቀሳቀሰም። የአርባ ምንጭ ሙዝ አሁንም በመኪና ተጭኖ ወደ መሐል አገር ይወጣል። የሲዳማ ቡና አሁንም በሐዋሳ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል። ኃይሌ ሪዞርት በሁለቱም ከተሞች ሆቴል አለው። የደቡቡን ሐይቆችና የኦሞን ሸለቆ የሚጎበኘው ቱሪስትም ሁለቱን ከተሞች በአንድ ጉዞ ያያል፤ ከመካከላቸው ያለውን ቀን ግን በመኪና ውስጥ ያሳልፈዋል።

ሙዙ አይበርም፤ መብረርም የለበትም። የሚበረው ሙዙ ሳይቆረጥ ማሳውን አይቶ ዋጋ የሚቆርጠው ገዢ ነው። የቆመ የማቀዝቀዣ ክፍል የሚያስነሳው ቴክኒሽያን ነው። ፋብሪካን ለአንድ ሳምንት ያስቆመ፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መለዋወጫም ነው። ለእነዚህ አምስት ሰዓት በመቆጠቡ የሚተርፈው ገንዘብ ከትኬቱ ዋጋ ይበልጣል።

ትልቁ አውሮፕላን አይመጥንም

ከ70 በላይ መቀመጫ ያለው አውሮፕላን በዚህ መስመር ላይ መመደብ አለበት የሚል ሰው ቢገኝ ሒሳቡን ያልሠራ ነው። መቀመጫው 70 በመቶ ቢሞላ እንኳ በየበረራው 50 ሰው ያስፈልገዋል። ሐዋሳና አርባ ምንጭ በየቀኑ 50 ሰው በአየር የሚለዋወጡበት ደረጃ ላይ አልደረሱም። በተጨማሪም አጭር በረራ ለአውሮፕላን ውድ ነው። ነዳጁ በብዛት የሚቃጠለው ተነስቶ ከፍታ እስኪይዝ ባለው ጊዜ ነው፤ የጎማው፣ የፍሬኑና የማረፊያ እግሩ ዕድሜም የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን ባረፈበት ቁጥር ነው።

ለዚህ ርቀት የተሠራው ትንሹ አውሮፕላን ነው። ሴስና ካራቫን የሚባለውና በአገራችን የኪራይ በረራ ላይ የሚታወቀው ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን እንደ መቀመጫው አደረጃጀት ከ9 እስከ 12 መንገደኛ ይይዛል። ፍጥነቱ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ የኪው 400ን ግማሽ ቢሆን ነው። ዘገምተኛ ይመስላል። ይሁንና 147 ኪሎ ሜትር ላይ ይህ ዝግመት የሚያስከፍለው ተጨማሪ ጊዜ 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ አንዱ 15 ደቂቃ አየር ላይ ሲቆይ ሌላው ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ርቀቱ ባጠረ ቁጥር ፍጥነት ዋጋ ያጣል። መቀመጫውን 70 በመቶ ለመሙላት ደግሞ ሰባት ሰው ይበቃዋል። ሰባት ሰው ከሐዋሳ ጠዋት ላይ አይታጣም።

ሕጉም ቢሆን በር አልዘጋም። በ1988 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 37 ከ20 በላይ መንገደኛ የሚይዙ አውሮፕላኖችን ሥራ ለመንግሥት ብቻ ሲተው ከዚያ በታች ያለውን ለግል ባለሀብት ፈቅዶ ነበር። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ጣሪያውን ወደ 50 መቀመጫ ከፍ አደረገው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው ደግሞ በአገር ውስጥ የአየር ትራንስፖርት የውጭ ባለሀብት ከኢትዮጵያዊ ጋር ተጣምሮ እስከ 49 በመቶ ድርሻ እንዲይዝ መንገድ ከፈተ። እንደ አቢሲኒያ የበረራ አገልግሎትና ናሽናል ኤርዌይስ ያሉ የግል ድርጅቶችም በትንንሽ አውሮፕላኖች የኪራይ በረራ ሲሠሩ ቆይተዋል።

እንቅፋቱ ያለው ዶላሩ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ከሳምንታት በኋላ ከ100 ብር አለፈ። አውሮፕላኑ፣ መለዋወጫው፣ የሞተሩ ዋና ጥገና፣ የመድን ዋስትናው ሁሉ በዶላር ነው፤ የሐዋሳው መንገደኛ የሚከፍለው በብር ነው። ከዚህም ሌላ በትንሽ አውሮፕላን ላይ የአብራሪውና የጥገናው ወጪ ለጥቂት መቀመጫ ስለሚካፈል የአንዱ ትኬት ዋጋ ከኪው 400 መቀመጫ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ርካሽ ትኬት ይኖራል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይህን መስመር ቢረሳው ይሻለዋል።

ዋጋው መነጻጸር ያለበት ግን ከአውቶቡስ ጋር አይደለም። ሦስት ሠራተኛ ወደ አርባ ምንጭ የሚልክ ድርጅት መኪና ለሁለት ቀን ይከራያል ወይም የራሱን ያሰማራል። ነዳጅ ይሞላል፤ ለአራት ሰው፣ ከነሾፌሩ፣ አዳርና አበል ይከፍላል፤ የሦስቱን ሰዎች የሁለት ቀን ሥራ ያጣል። ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመልስ በረራ ቢኖር አዳሩ ይቀራል፣ አንዱ ቀንም ይተርፋል። ይህን ወጪ ከሦስት ትኬት ዋጋ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት የየድርጅቱ ሒሳብ ክፍል በግማሽ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው። የሐዋሳና የአርባ ምንጭ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች ይህን ሒሳብ ከአባሎቻቸው ሰብስበው ቢደምሩት አውሮፕላን ላለው ሰው የሚያሳዩት ነገር ይኖራቸዋል። ባዶ እጁን አቤቱታ ይዞ የሚሄድ ሰው በአየር መንገድ በር ላይ የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው።

አጀማመሩም በየቀኑ መሆን የለበትም። ሰኞ ጠዋትና ዓርብ ከሰዓት ሁለት በረራ ለሦስት ወር ቢሞከር ለኪሳራም ለትርፍም ለመፍረድ ይበቃል። አውሮፕላኑ በቀሩት ቀናት ቆሞ እንዳይውል ማድረግም ይቻላል። ቡና ወዳለበት ወደ ጅማ፣ ከሐዋሳ በቀጥታ 185 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ያው ካራቫን በ40 ደቂቃ ገደማ አየር ላይ ቆይቶ ይደርሳል። ሐዋሳ መሬት ላይ ከቆመው ደላላ ጅማ ላይ ያለው ደላላ በስልክ እንጂ በአካል የሚገናኝበት መንገድ እስካሁን በቦሌ 475 ኪሎ ሜትር ነው።